«እሺ» ማለት ደረሰኝ ማለት አይደለም፦ በሀዋሳ ሆቴሎች የሥራ ቡድን መልእክት ሳይጎድል የሚደርስበት መንገድ

የሥልጠናው አዘጋጅ ረፋድ ላይ ሪሴፕሽን ቀርቦ «የሻይ ሰዓቱን ከ4:30 ወደ 5:00 ግፉልን፣ አሥር ሰው ደግሞ ይጨመራል» ይላል። ሪሴፕሽኗ ለካፒቴኑ፣ ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ፣ ትነግረዋለች። ካፒቴኑ በኪችን በር አንገቱን አስግጎ «ሻይ ትንሽ ይገፋል» ብሎ ያልፋል። ሼፉ «እሺ» ይላል። 4:30 ሲሆን ሳንቡሳው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀዘቅዛል፤ 5:00 ላይ 130 ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ የተዘጋጀው ለ120 ነው። የዋሸ የለም፣ የሰነፈም የለም። ሰዓቱ በሦስት አፍ ሲያልፍ «ትንሽ» ሆነ፣ አሥሩ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ቀረ።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሀዋሳ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት። ሐይቁን ለማየት ከሚመጣው እንግዳ ሌላ ሆቴሉን የሚሞላው ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተሳታፊ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከ10 እስከ 60 ሠራተኛ ላለው፣ በፈረቃ ለሚሠራ የሆቴል ቡድን ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት መስመር የምትመሩ ወይም ክሊኒክ የምታስተዳድሩም ከሆነ «ሼፍ» የሚለውን በእናንተው የሥራ ስም እየተካችሁ አንብቡት፤ ችግሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ፦ መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት አውጡ

መፍትሔ ከማምጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ለቆጠራ ስጡ። ከ80 ሰው በላይ ያለበት አንድ ፕሮግራም ምረጡና ያ ትእዛዝ ከአዘጋጁ አፍ ወጥቶ የመጨረሻው ሠራተኛ ጋ እስኪደርስ ያለፈባቸውን ሰዎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ በቀስት ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ይህን ይመስላል፦ አዘጋጅ፣ ሴልስ (የሽያጭ ክፍል)፣ ማናጀር፣ ሼፍ፣ ስቶር (ዕቃ ቤት)። በጎን ደግሞ ከሴልስ ወደ ካፒቴን፣ ከካፒቴን ወደ አስተናጋጆች። ከእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ በቃል፣ በስልክ፣ በቴሌግራም ወይስ በወረቀት እንደተላለፈ ጻፉ።

ሁለት ነገር ይታያችኋል። አንደኛ፣ በቃል ብቻ ያለፉት ቀስቶች ከሁለት በላይ ከሆኑ ቁጥሩ ተለውጦ ይደርሳል ብላችሁ አስቡ። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚሰማ ሰው አለ። ብዙ ቦታ ስቶር ኪፐሩና ዕቃ አጣቢዎቹ ናቸው። ስቶር ኪፐሩ ዘግይቶ ከሰማ ዕቃው ከገበያ የሚመጣው ሼፉ ድስት ከጣደ በኋላ ነው፤ ዕቃ አጣቢው ዘግይቶ ከሰማ ለ130 ሰው የሚሆን ደረቅ ሰሃን አይኖርም። እነዚህን ሁለቱን ወደ መንገዱ መጀመሪያ ማምጣት ብቻውን ብዙ ጩኸት ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው የፕሮግራሙን ወረቀት ሁለት ቅጂ ጨምሮ ማተም ነው።

ቀጥሎ፦ ስድስቱ ነገሮች ሳይሟሉ መልእክት አይወጣም

የሚተላለፍ ነገር ሁሉ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ይይዛል። ስድስተኛውና ሁልጊዜ የሚረሳው «መድረሱን ማን ለማን ይመልሳል» የሚለው ነው።

የተለመደው አነጋገር፦ «ለነገው ፕሮግራም አዳራሹን እንደተለመደው አዘጋጁት፣ ቶሎ ይሁን።»

የተሟላው፦ «ካፒቴን፣ ነገ ረቡዕ ላይኛው አዳራሽ ለ45 ሰው በ«U» ቅርጽ ይዘጋጅ። ማይክ 2፣ ፕሮጀክተር 1። ዛሬ ማታ 1:00 አልቆ ለሴልስ ደውልላት።»

የሁለተኛው ርዝመት ያስፈራ ይሆናል፤ ግን ለመናገር 15 ሰከንድ አይፈጅም። የመጀመሪያው አጭር የሚመስለው ቀሪውን ግማሽ ሰሚው በግምት ስለሚሞላው ነው። «እንደተለመደው» የሚለው ቃል በተለይ ከቡድኑ መዝገበ ቃላት መውጣት አለበት። ባለፈው ወር የተቀጠረ አስተናጋጅ ምንም የለመደው ነገር የለውም፤ ነባሩ ደግሞ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ፕሮግራም ነው፣ እሱም ሠርግ ሊሆን ይችላል።

ከሱ ጋር የሚወጡ ሌሎችም አሉ፦ «ቶሎ»፣ «አሁን»፣ «ትንሽ ቆይቶ»፣ «ከሰዓት በኋላ»፣ «ያንን ነገር»፣ «እነዛ እንግዶች»። «አሁን» በአንዱ ጆሮ በዚህ ደቂቃ ነው፣ በሌላው ደግሞ የያዘውን ሥራ ሲጨርስ። በቦታቸው ሰዓት፣ ስምና ቁጥር ይግባ።

ሰዓትና ቀን፦ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

የእኛን አገር ሆቴል እንደ ሰዓት የሚያሳስት ነገር የለም። እንግዳው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የሆቴሉ ኮምፒውተር በአንድ አቆጣጠር፣ ሠራተኛውና ሹፌሩ በሌላ ይሄዳሉ። ቲኬቱ ላይ 07:40 የተጻፈ በረራ ጠዋት 1:40 የሚደርስ ነው። ሹፌሩ «7:40» ብቻ ከተነገረው ሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንግዳው ከደረሰ ስድስት ሰዓት ሞልቶታል።

ደንቡ ይህ ይሁን፦ በጽሑፍ ሲሆን ሁለቱም ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፋል፣ የአገራችን ይቀድማል። «ጠዋት 1:40 / በቲኬቱ 07:40» ይባላል። በቃል ሲሆን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ሳይቀድም ሰዓት አይነገርም። መቀየሪያው ስድስት መቀነስ ወይም መደመር ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ከስድስት በታች ሲመጣበት ነው። 05:00 ላይ ስድስት ቀንሱ ሲባል ይጨነቃል፤ 12 ደምሮ 6 ይቀንስ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ይመጣል። ሪሴፕሽን ግድግዳ ላይ ከ00:00 እስከ 23:00 ያሉት 24 ሰዓቶች ከነአቻቸው በአንድ ወረቀት ይለጠፉ። ዕውቀት ሳይሆን ድካም ነው የሚያሳስተው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀንስ ጭንቅላት አይታመንም።

ሌሊቱ ሌላ ወጥመድ አለው። «ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት ይገባሉ» ሲባል ግማሹ ሰው ከሐሙስ በኋላ ያለውን ሌሊት፣ ግማሹ ከዓርብ በኋላ ያለውን ይረዳል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ አነጋገር አለው፦ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት»። ሁለቱም ቀን ስለሚጠራ መሳሳቻ የለውም። በኦንላይን ቦታ የያዘ እንግዳ የሚከፍለው ለዓርቡ አዳር ነው፣ በአውሮፓውያኑ ቀን ግን ቅዳሜ ገብቷል፤ ክፍሉ «አልመጣም» ተብሎ ለሌላ የሚሰጠው በዚህ ክፍተት ነው።

ቀኑም እንዲሁ። «በ12 የሚገቡት» ሲባል የጥር 12 ነው ወይስ የጃንዋሪ 12? በተለመደው ዓመት ጃንዋሪ 12 ማለት ጥር 4 ነው፣ ጥር 12 ደግሞ ጃንዋሪ 20 ነው። ስምንት ቀን ተሳሳታችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ በየወሩ አንድ አይደለም፤ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ሲውል የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ደግሞ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ በቃል አትቁጠሩ፣ የሁለቱንም ቀን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ተመልከቱ። ከዚያ የሳምንቱን ቀን አብራችሁ ጻፉ፦ «ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2017 / ጃንዋሪ 20፣ 2025»። የሳምንቱ ቀን ማረጋገጫ ነው፤ ከቀኑ ጋር አልገጥም ካለ አንድ ቦታ ስህተት አለ፣ ሥራ ሳይጀመር ይጣራ።

በበዓል ስም ቀጠሮ መያዝም ይቅር። «ለገብርኤል» ቢባል ታኅሣሥ 19 አለ፣ ሐምሌ 19 አለ፤ ሁለቱም ሀዋሳ ላይ ክፍል የሚጠፋባቸው ቀናት ናቸው። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 የገባው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ ቀኑን የሚያውጁት አያንቱዎች፣ ከዋክብት አይተው ዘመን የሚቆጥሩ የሲዳማ አባቶች፣ ናቸው፤ እስኪታወጅ ድረስ «ለፍቼ» የሚል ትእዛዝ ቀን የለውም፣ በመዝገብ ላይ «ቀን ያልተቆረጠ» ተብሎ ይቆይ።

ስንት ነው? የምኑ?

ስልክ ላይ በጫጫታ መካከል ስድሳና ሰባ ይቀራረባሉ፣ ሃምሳና አምስትም ሲቸኩሉ ይመሳሰላሉ። ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነገር፣ አንዴ በሙሉ፣ አንዴ በተናጠል፦ «ስድሳ፤ ስድስት ዜሮ»። የክፍል ቁጥርም «ሁለት ዜሮ ስድስት» ይባል።

መስፈሪያው ካልተጠራ ቁጥር ብቻውን ዋጋ የለውም። ለስላሳ «10 ክሬት» ቢባል 240 ጠርሙስ ነው፤ «10 እሽግ ውሃ» ግን እንደ ሊትሩና እንደ አምራቹ ይለያያል። ስለዚህ ውሃ በጠርሙስ ቁጥርና በሊትር ይታዘዝ፦ «ግማሽ ሊትር፣ 130 ጠርሙስ»።

አሁን ወደ ጾም እንምጣ፤ ኪችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ይህ ነውና። «ጾም 40» የሚል ትእዛዝ ሦስት ጥያቄ ይጎድለዋል። ዓሣ አለበት ወይስ የለበትም? ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ጾም ላይ የሚበላ አለ፣ ዓሣ ጾም አይደለም ብሎ የሚቆጣም አለ። «ጾም ከዓሣ ጋር 15፣ ጾም ያለ ዓሣ 25» ተብሎ ይለይ። ሁለተኛው ጥያቄ ሻይ ሰዓትን ይመለከታል። ምሳው ጾም ሆኖ ረፋድ ላይ የወጣው ኬክ ቅቤና እንቁላል ያለበት ይሆናል፤ ጾመኛው ባዶ ሻይ ይዞ ይቆማል። የጾም ቁጥር ሲጻፍ ለሻይም ለምሳም ይጻፍ፤ የምስር ሳንቡሳ ወይም ቆሎ ቀላል መውጫ ነው። ሦስተኛው፣ እስከ 9 ሰዓት የማይቀምስ አለ ወይ? ካለ ምሳው ተነስቶ ይቀመጥለት፣ አስተናጋጁም ቡፌ ሲነሳ ይህን ይወቅ።

በግምት መሙላትም አያዋጣም። በሀዋሳና በዙሪያዋ ፕሮቴስታንት ብዙ ስለሆነ «ዓርብ ነው፣ ሁሉም ጾም ይበላል» ያለ ቡድን ምሳ ላይ ሥጋ ፍለጋ ይሯሯጣል። የሙስሊም ምግብ ደግሞ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ሥጋው የሚታረደውም የሚመጣውም ለብቻ ስለሆነ ስቶር ኪፐሩ ከአንድ ቀን በፊት ማወቅ አለበት።

ማስደገም

መመሪያው ተቆርጦ አንድ ገጽ ብቻ ይቅር ቢባል መቅረት ያለበት ይህ ክፍል ነው።

«እሺ» በእኛ አፍ ብዙ ሥራ አለው። ሰማሁ ነው፣ ተስማማሁ ነው፣ አከብርዎታለሁ ነው፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ ይሂዱልኝም ነው። መልእክቱ በትክክል ገብቶኛል የሚለውን ግን የግድ አይነግረንም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» ደግሞ በስልክ አትሰማም፤ የውጭ ሰው ካለ ደንግጠን ይመስለዋል።

አቪዬሽን ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ የኬኤልኤምና የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747ቶች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ መነሳት ላይ ነን የሚል አሻሚ ቃል አሰማ። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ የመለሰው «ኦኬ» የሚል ቃል ነበር። ጠብቁ የሚለው ቀጣዩ ንግግሩ ከፓን አም ሬዲዮ ጋር በአንድ ጊዜ በመደራረቡ በፉጨት ተዋጠ። ከአደጋው በኋላ የሬዲዮ አነጋገሩ ጠበቀ፤ ለመነሳት የሚሰጠው ፈቃድ የራሱ ቃል ብቻ ተለየለት፣ አብራሪውም ፈቃዱን በራሱ አፍ ደግሞ መመለስ የሙያው ግዴታ ሆኖ ጸና። «ኦኬ» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ሆቴል ውስጥ የሚሞት ሰው የለም፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። ተናጋሪው ይናገራል። ሰሚው በራሱ አነጋገር ይደግማል። ተናጋሪው «ልክ ነው» ወይም «አይደለም፣ 130 ነው» ይላል። ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ተናጋሪው የሚደገመውን ሳይሰማ ፊቱን ካዞረ ማስደገሙ ለታይታ ብቻ ይሆናል። ሁሉን ነገር ማስደገም ሰው ያሰለቻል። ሰዓት፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ የክፍል ቁጥርና ለውጥ ያለበት መልእክት ብቻ ይደገም።

«ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ማስደገም አይደለም። መልሱ ሁልጊዜ «ገባኝ» ነው፣ ያልገባውም ሰው ይሉኝታ ስለሚይዘው።

የሚከብደው ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው ማስደገም ነው። 26 ዓመት የሆናት ሱፐርቫይዘር ሃያ ዓመት ስቶር የጠበቁትን ሰው «ድገሙልኝ» ብትል ድፍረት ይመስላል። ሸክሙን ወደ ራሷ ታዙረው፦ «ጋሼ፣ እኔ አፌ ይቸኩላል። በትክክል መንገሬን ልወቅ፣ ነገ ምን ምን እንደሚወጣ ይንገሩኝ እስኪ።» ለእኩያ ደግሞ «ከኔ የሰማኸውን በለኝ፣ አንድ ነገር የረሳሁ መሰለኝ» ይበቃል። አለቃ ሲሆኑ ሰሚው ቀድሞ ይድገም፦ «ልድገምልዎት፤ ለ45 ሰው፣ ላይኛው አዳራሽ፣ ማታ 1:00 አልቆ።» ይህ በሦስት ሳምንት ልማድ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሳቅና ቀልድ ይኖራል፣ ይሳቁ።

ሌላም አለ። ብዙ የሀዋሳ ሆቴል ሠራተኛ አፉን የፈታው በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ ነው። አማርኛውን ይሰማል፤ ረጅም ትእዛዝ ግን ሲፈጥን ጫፉ ይጠፋበታል። ማፈር እንዳይመጣ፣ ሁለት የክፍል ጽዳት ሠራተኞች ትእዛዙን አብረው ይስሙ፣ በቋንቋቸው እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ አንዷ በአማርኛ ትመልስ። ቁጥሩና የክፍሉ ስም ደግሞ በእጅ ተጽፎ ይሰጥ።

የተሸፈነ «አይሆንም»ንም ለዩ። «እሞክራለሁ»፣ «እናያለን»፣ «ችግር የለም፣ ብቻ...» ብዙ ጊዜ እምቢታ ናቸው። ሲሰሙ አትቆጡ፤ «የሚያስቸግርህ ምኑ ነው? መሆን አለመሆኑን እስከ ስንት ሰዓት ታውቃለህ?» ብላችሁ ሰዓት ቁረጡለት።

የትኛው መልእክት በምን ይሂድ

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ የሚለውጥ ነገር በአካል ወይም በስልክ ይነገር፣ ከዚያ በቴሌግራም ይጻፍ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ በጽሑፍ ብቻ ይበቃዋል። ሰው የሚወቀስበት ነገር በቡድን ገጽ ላይ አይጻፍም፤ በግል፣ በአካል ይነገር።

የሥራ የቴሌግራም ቡድኖች ከሦስት አይብለጡ፦ አንድ የፕሮግራምና የምግብ፣ አንድ የክፍል፣ አንድ የጠቅላላ ማስታወቂያ። የበዓል ምስልና ቀልድ ወደ አራተኛ የጨዋታ ቡድን ይሂድ፤ ካልወጣ በቀን ሰባ መልእክት መሃል የተቀበረውን የሰዓት ለውጥ ማንም አያገኘውም። በቡድን ውስጥ የሚታዩት ሁለት የማረጋገጫ ምልክቶች ቢያንስ አንድ ሰው አየው ማለት እንጂ ሁሉም አዩት ማለት አይደሉም። አውራ ጣትም እንደ «እሺ» ነው፤ የሚመለከተው ሰው ቁጥሩን ጽፎ ይመልስ፦ «130፣ 5:00፣ ኪችን አይቷል»።

የተላከ መልእክትን ገብቶ ማረም ክልክል ይሁን። የታረመው አዲስ ጥሪ አያሰማም፤ አስቀድሞ ያነበበው ሰው በአሮጌው ቁጥር ይሠራል። በምትኩ አዲስ መልእክት ይላክ፣ አርእስቱም ይቁጠር፦ «ማስተካከያ 2፦ ሻይ 4:30 የነበረው 5:00 ሆኗል። ሰው 120 የነበረው 130 ሆኗል። ሌላው አልተለወጠም።» የነበረውንና የሆነውን አብሮ መጻፍ አንባቢውን ከመፈለግ ያድነዋል። የመጨረሻው «አልተለወጠም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ስልክ ያስቀራል።

የድምፅ መልእክት ከ30 ሰከንድ አይለፍ፣ ቁጥር ካለበትም ቁጥሩ ከስር ይጻፍ። እጁ ሊጥ የነካው ሰው የሁለት ደቂቃ ድምፅ እንደገና አያዳምጥም።

ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራትም ይሄዳል። ኪችን በር አጠገብ አንድ ነጭ ሰሌዳ ይኑር፦ የዛሬ ቁጥር፣ የሻይና የምሳ ሰዓት፣ ጾም፣ የመጨረሻው ማስተካከያ ቁጥር። የሚጽፍበት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በየፈረቃው ስሙ ይታወቅ። ሁለት ሰው የሚጽፍበት ሰሌዳ በሳምንቱ ማንም የማያምነው ሰሌዳ ይሆናል።

ርክክብ በፈረቃ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ሦስት ፈረቃ በ8 ሰዓት ሲከፈል 24 ይሞላል፤ ለርክክብ የተረፈ ደቂቃ የለም። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ወጪው ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ብሎ የሚሄደው። ሠራተኛውን በነጻ 20 ደቂቃ ማቆየት መፍትሔ አይደለም። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ካለ መቀያየሪያውን አለያዩት፦ አንዷ በ9:00 ስትወጣ ሌላዋ በ9:30 ትውጣ። ሁልጊዜ ያለፈውን የሚያውቅ አንድ ሰው ቦታው ላይ ይኖራል።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ያለቀው ሥራ አይደለም፣ ያላለቀው ነው። እንዲህ፦ «ክፍል 214፣ ሙቅ ውሃ የለም። ለቴክኒሻኑ ማታ 2:10 ተደውሎ ነገ ጠዋት 2:00 እመጣለሁ ብሏል። እንግዳው 216 እንዲታጠቡ ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። የቀረው፦ ቁልፉን ማስመለስ፣ የጠዋት ሪሴፕሽን።» «ተነግሮታል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን መለሰ የሚለው ካልተጻፈ ገቢው ፈረቃ ከዜሮ ይደውላል። ገቢው አንብቦ ይፈርም፣ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ጥያቄ የሌለው ርክክብ ያልተነበበ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ብዙ አትሳሳቱም።

የጠዋቱ ስብሰባ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ ቆማችሁ አድርጉት። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ዛሬ ስንት ሰው ነው፣ ከትናንቱ ወረቀት ምን ተለወጠ፣ ምን ይጎድላል። ከስቶር ወይም ከዕቃ አጣቢ ጀምሩ፣ ማናጀሩ መጨረሻ ይናገር። ማናጀሩ ቀድሞ «ዛሬ ሁሉም የተሟላ ነው አይደል?» ካለ በኋላ ሽንኩርት አልቋል የሚል ሰው አይገኝም።

መጥፎ ወሬ ቶሎ እንዲወጣ

የተበላሸ ነገር የሚደበቀው ከፍርሃት ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊት መቆሙን ያየ ሠራተኛ ወዲያው ከተናገረ ሥጋው ይተርፋል፤ ጠዋት ከተናገረ ይጣላል። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ማን ነው?» ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የምትሰሙት ጠዋት ነው። «ምን ደረሰ? አሁን ምን እናድን?» ብላችሁ ጀምሩ። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሥራው ከተስተካከለ በኋላ ለብቻ ይታያል። የነገራችሁን ሰው በስብሰባ ላይ በስሙ አመስግኑት፤ ስለጥፋቱ ሳይሆን ስለሰዓቱ፦ «ሌሊት 7:20 ደውሎልኛል።»

ማስጀመሪያው

ሁሉን በአንድ ቀን አትጫኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥርና ሰዓት ማስደገም ብቻ ይጀመር። በሁለተኛው የፕሮግራሙ ወረቀት ስድስቱን ነገሮችና ሁለቱን ቀኖች ይዞ ለስቶርና ለዕቃ አጣቢ ጭምር ይታደል። በሦስተኛው ሰሌዳውና የማስተካከያ ቁጥሩ፣ በአራተኛው የርክክብ መዝገቡ ይከተሉ። ኪችን ግድግዳ ላይ አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ለጥፉ፦ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ጨርሶ ያልደረሰ። ስህተት ሲፈጠር ማንም ሰው በሚመለከተው ዓምድ አንድ መስመር ያስምር፣ ስም አይጻፍ። በወሩ መጨረሻ የትኛው ዓምድ እንደረዘመ እዩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መስመሩ ቢበዛ አትደንግጡ፤ ቀድሞ ያልተቆጠረው መቆጠር ጀምሮ ነው።

ከወር በኋላ የሚደረገው ፈተና ይህ ነው። ትልቅ ፕሮግራም ባለበት ቀን፣ ጠዋት 3:00 ላይ፣ ዕቃ የምታጥበውን ልጅ «ዛሬ ምሳ ስንት ሰው ነው? ስንቱ ጾም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷ ሴልስ እጅ ካለው ወረቀት ጋር ከገጠመ የክፍል ጽዳቱን መስመር በዚሁ መንገድ ጀምሩ። ካልገጠመ ያንን የቀስት ወረቀት እንደገና አውጡና ቁጥሩ የተለወጠበትን ቀስት ፈልጉ።